ኩባንያው «ደህና ነን» ሲል፦ የሥራ ቦታን የጉዳት መዝገብ አሜሪካ ውስጥ ማውጣት

«ደህንነት ይቀድማል» የሚለው ፖስተር የማይለጠፍበት መጋዘን የለም። ከፖስተሩ ይልቅ መዝገቡን እዩ።

ከአሥር በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ነፃ በተደረገ ዘርፍ ካልሆነ በቀር፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን «ፎርም 300» ላይ መጻፍና አምስት ዓመት ማቆየት አለበት። የአሁንም ሆነ የቀድሞ ሠራተኛ ቅጂውን ሲጠይቅ እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን ማብቂያ በነፃ ሊሰጠው ይገባል። ለኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) በኢሜይል ጻፉ፤ የፎርሙን ቁጥርና ዓመቱን ጥቀሱ። አለዚያ 300ኤን ይሰጧችሁና ይገላገላሉ። እሱ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ድምር ነው፤ ማን የት እንደተጎዳ አይናገርም።

በኤጀንሲ የተቀጠራችሁ ከሆነ ኤጀንሲውን አትጠይቁ። መዝገቡን የሚይዘው በየቀኑ የሚያዛችሁ ድርጅት ነው።

ቅጂው ሲደርሳችሁ ዓምድ ኢ የተጎዱበትን ቦታ፣ ኤፍ የጉዳቱን ዓይነት ያሳያል። «የጭነት ማራገፊያ በር፣ ወገብ» የሚል ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ችግሩ የሰው ጥንቃቄ ማነስ አይደለም፤ በሩ ጋ ያለው አሠራር ነው። ኬ (ከሥራ የቀሩበት ቀን) ባዶ ሆኖ ኤል (ቀለል ያለ ሥራ የተሰጠበት ቀን) ከተሞላ፣ የተጎዳው ሰው ቤቱ እንዳያርፍ እየተጠራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ባለበት መጋዘን አንድም መስመር ያልተጻፈበት መዝገብ ግን ከሁሉም ያጠራጥራል።

ቀጥሎ የመንግሥትን ወገን እዩ። በኦሻ (የፌዴራሉ የሥራ ቦታ ደህንነት ተቆጣጣሪ) ድረ ገጽ የፍተሻ መዝገብ በኩባንያ ስም ይፈለጋል። በር ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ ሕጋዊው ስም ስላልሆነ ከደብሊው-ቱ (ቀጣሪው በየዓመቱ ከሚሰጣችሁ የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ላይ ገልብጡት። የፍተሻውን ቁጥር ካገኛችሁ ሙሉ ፋይሉን በመረጃ ነፃነት ሕግ (ፎያ) ጠይቁ፤ ዜግነት አይጠየቅም። «ክፍያው ከ25 ዶላር ካለፈ አስቀድማችሁ አሳውቁኝ» የሚል መስመር ጨምሩ። ሕጉ 20 የሥራ ቀን ይላል፤ በተግባር ይዘገያል።

ጉዳዩ ገና ካልተዘጋ ይከለክሏችኋል፤ ሲዘጋ ደግማችሁ ጠይቁ። የሠራተኛ ስምና የንግድ ምስጢር ተሰርዞ ይመጣል። ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 90 ቀን አላችሁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የራሳቸው ተቆጣጣሪ ስላላቸው፣ እዚያ የምትሠሩ ጥያቄውን ለፌዴራሉ ሳይሆን ለስቴቱ ላኩ።