ባለ ቀለም መደብ ላይ ስንሥል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ የአሣ ፍርፋሪ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ለመሣል ነጭ ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ችግሩ ቶሎ ይገባዋል። የወፉ ሆድ ነጭ፣ ወረቀቱም ነጭ። ሆዱን ለማውጣት ዙሪያውን ሁሉ ማጥቆር ግድ ይላል፤ እስከዚያ ደግሞ ወፉ ተነሥቶ ይበራል። ግራጫ ወይም ቡኒ መደብ፣ ማለትም ከሥዕሉ ሥር ያለው ባለ ቀለም ወረቀት፣ ላይ ከሆነ ግን ጀርባውን በከሰል፣ ሆዱን በነጭ ጠመኔ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ የቀረውን ወረቀቱ ራሱ ይሠራዋል።

ወረቀቱን ሸፍኖ መጨረስ። ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፤ እኔንም ብዙ ወረቀት አስጨርሶኛል። ባዶ ቦታ ሳየው ሥራው ያላለቀ ስለሚመስለኝ አንገቱንም ክንፉንም ውሃውንም እሞላ ነበር። ከሰልና ነጭ ሲነካኩ ደግሞ አመድማ ይሆናሉ፤ ወፉ ጭቃ ውስጥ የተንከባለለ መሰለ። በሁለቱ መካከል ወረቀቱ ሳይነካ ይቅር። ጀርመናዊው አልብረሽት ዱረር በ1508 እ.ኤ.አ. የሣላቸውን የሚጸልዩ እጆች ይመልከቱ፦ መደቡ ሰማያዊ ነው፤ ጥላው በጥቁር፣ ብርሃኑ በነጭ ቀጫጭን መስመሮች ተሠርቷል፤ መካከለኛው ድምቀት ያው ሰማያዊው ነው። ሰማያዊ ቆዳ እያየን መሆኑን ግን ልብ አንለውም።

ነጩን ቀድሞ ማንሣት። ነጭ እርሳስ ባለ ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ያምራል፣ እጅም አይመለስም። መጀመሪያ ጥላውን ይያዙ። ጠዋት ወደ ሐይቁ ዞረው ሲቆሙ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ስለሆነች የወፉ ሆድ በሙሉ ነጭ ይመስላል፤ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ቢያዩት ግን የሆዱ ታች ከደረቱ ይጠቁራል። ማታ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትወርድ ደግሞ ነጭ የሚያስፈልገው ጠርዙ ላይ እንደ ክር ብቻ ነው።

በጣም የጠቆረ መደብ መምረጥ። ጥቁር ወረቀት ለጥላ ቦታ አይተውም። ጥግ ላይ አንድ የከሰል፣ አንድ የነጭ ጭረት ያድርጉበት፤ ሁለቱም እኩል ከታዩ ወረቀቱ ይሆናል።

ሸራ ላይ መቸኮል። ለሐይቁ ሰማያዊና ለዛፎቹ አረንጓዴ ቀላ ያለ ቡኒ መደብ ደስ ይለኛል፤ በብሩሽ ምቶቹ መካከል ብቅ ሲል ሥዕሉን ያሞቀዋል። መደቡ የተቀባበት፣ በተርፐንታይን (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የቀጠነ የዘይት ቀለም ግን ሳይደርቅ ከተሣለበት ከላይኛው ጋር ይዋሐድና ያደፈርሰዋል። ለቸኮለ ሰው አክሬሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ይሻላል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ በላዩም በዘይት መሣል ይቻላል። በዘይት መደብ ላይ አክሬሊክ መደረብ ግን አይሆንም፣ ይላጣል።

ካኪ ወረቀት ላይ ሠርቶ መሸጥ። ለልምምድ ከእሱ የረከሰ የለም። ነገር ግን አሲድ ስላለበት በጊዜ ብዛት ይጠቁራል፣ ይሰባበራልም። የሚሸጥ ከሆነ ጥሩ ነጭ ወረቀት ገዝተው፣ ጠርዙን በፕላስተር ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ መደብ እንዲሆን በውሃ የቀጠነ አክሬሊክ ይቀቡት።