ባሕር ማዶ የወደቀን ካናዳዊ እግረኛ ወታደር ታሪክ ከመዛግብት ለማውጣት

በአንደኛውም ሆነ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ የሞተን አንድ ወጣት ካናዳዊ እግረኛ ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የወታደሩን መለያ ቁጥር መያዝ አለበት። ስም ብቻውን ያሳስታል፤ በአንድ ሻለቃ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙዎች ይገኙ ነበር። ቁጥሩን ለማግኘት አጭሩ መንገድ የካናዳ የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ያቆመው የጦርነት መታሰቢያ ነው፤ በዚያ ከ118,000 በላይ ሟቾች ተመዝግበዋል። ከ1917 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ መቃብሮችን የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽንም ቁጥሩን፣ ሻለቃውን፣ የሞተበትን ቀንና መቃብሩን ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት ይገባል፤ የፊደል ወይም የዕድሜ ልዩነት ቢገኝ ከወዲሁ ይመዘገባል።

ቀጥሎ ወደ ካናዳ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ይሂዱ። የአንደኛው ጦርነት የግል ማኅደሮች፣ ከ600,000 የሚበልጡት፣ በዲጂታል ምስል ተነሥተው ለማንም በነፃ ክፍት ሆነዋል። ከሁለተኛው ጦርነት በነፃነት የሚታዩት ግን በጦርነቱ የሞቱት ሰዎች ማኅደሮች ሲሆኑ፣ በሕይወት የተመለሱትን ለማየት ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ማኅደሩ ውስጥ የምልመላ ቅጽ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የደመወዝ ሒሳብና ብዙ ጊዜም ኑዛዜ ይገኛል። የምልመላ ቅጹ የትውልድ ቦታን፣ ሙያን፣ ሃይማኖትንና የቅርብ ተጠሪን ያስነብባል፤ ዕድሜውን ግን እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ለመዝመት ያልደረሱ ልጆች ዓመታቸውን ጨምረው መመዝገባቸው የታወቀ ነውና።

አንባቢን የሚያደናግሩት አሕጽሮተ ቃላት ናቸው። «ቲ.ኦ.ኤስ.» ማለት ወታደሩ በክፍሉ ቁጥር ውስጥ ገባ፣ «ኤስ.ኦ.ኤስ.» ማለት ደግሞ ከክፍሉ ቁጥር ተሰረዘ ማለት ነው፤ ይህን የኋለኛውን የጭንቅ ጥሪ አድርገው የሚያነቡ አይጠፉም። እነዚህን ሁለት ምልክቶች በቀናቸው ተራ ቢያስቀምጧቸው ሰውየው ከየት ወደ የት እንደተዛወረ በግልጽ ይታያል።

ዝውውሩን መከታተል ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው። በአንደኛው ጦርነት በካናዳ ከተቋቋሙት ሻለቃዎች ብዙዎቹ እንግሊዝ ሲደርሱ ተበትነው ወታደሮቻቸው በግንባር የጎደሉትን ሻለቃዎች እንዲሞሉ ተደርገዋል። ስለዚህ በምልመላ ቅጹ ላይ ያለው ሻለቃና ወታደሩ የሞተበት ሻለቃ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ሳያጣሩ የተመለመለበትን ሻለቃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ወታደሩን ባልነበረበት ውጊያ ያዋጉታል።

ትክክለኛው ሻለቃና ቀን ከታወቀ በኋላ የሻለቃው የዕለት መዝገብ ይነበባል። እያንዳንዱ ሻለቃ የየቀኑን ሁኔታ፣ ማለትም ጉዞውን፣ አየሩን፣ ጥቃቱንና የጉዳተኛውን ቁጥር፣ የመመዝገብ ግዴታ ነበረበት። መዝገቡ የመኮንኖችን ስም ሲጠራ ተራ ወታደሮችን ብዙውን ጊዜ በቁጥር ብቻ ያልፋቸዋል፤ የወታደሩን ስም ማጣት ግን ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም። የሞተበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያሉትን ሳምንታት ማንበብና በአባሪነት የተያያዙትን የጥቃት ትእዛዞችና ካርታዎች መመልከት ያስፈልጋል።

ለልምምድ የሚመች ምሳሌ ጆርጅ ሎውረንስ ፕራይስ ነው። ኖቫ ስኮሺያ ተወልዶ፣ በ1917 በሳስካችዋን ግዛት ሙስ ጆ ከተማ ጦሩን ተቀላቅሎ፣ በ28ኛው ሻለቃ ውስጥ ሲዋጋ ኖቬምበር 11 ቀን 1918፣ የተኩስ አቁሙ ሊጸና ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ቤልጅየም ውስጥ ቪል ሱር ኤን በተባለች መንደር በአነጣጥሮ ተኳሽ ጥይት ተገደለ። ዕድሜው 25 ነበር። ከሞንስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሳን ሳምፎርየን መካነ መቃብር ተቀብሯል። የፕራይስን ማኅደር፣ የ28ኛውን ሻለቃ የዚያን ቀን መዝገብና የመቃብር ሰነዱን አንድ ላይ ዘርግቶ ያነበበ ሰው የሌላውን ወታደር ፍለጋ እንዴት እንደሚያካሂድ ይገባዋል። በነገራችን ላይ ሰነዶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ስለሆኑ በሥራው መካከል ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ስሕተት ይጋብዛል።

ስለ አሟሟቱ ሲጽፉ «በውጊያ ተገደለ» እና «በቁስል ሞተ» የሚሉትን ይለዩ፤ ሁለተኛው ከሆነ መቃብሩ የሚገኘው በሕክምና ጣቢያው አቅራቢያ እንጂ በቆሰለበት ቦታ ላይሆን ይችላል። አስከሬኑ ያልተገኘ ከሆነ ስሙ በመታሰቢያ ግንብ ላይ ይፈለጋል፤ በፈረንሳይ የሞቱና መቃብራቸው ያልታወቀ 11,285 ካናዳውያን በቪሚ ሐውልት ላይ ተቀርጸዋል፤ በቤልጅየም የጠፉት ብዙዎቹ ደግሞ በኢፕር ከተማ ሜኒን በር ላይ ይገኛሉ።

አዛዦች ለእናቶች የጻፏቸው የሐዘን ደብዳቤዎች በጥንቃቄ ይነበቡ። «ሳይሠቃይ ወዲያው ሞተ» የሚለው ቃል በእጅጉ ተደጋግሞ ስለሚገኝ፣ የሕክምና ወረቀቱ ካልደገፈው እንደ ማጽናኛ እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። በመንገድዎ የወታደሩን ፎቶግራፍ ወይም በዘመኑ የከተማው ጋዜጣ ያወጣውን የሞት ዜና ካገኙ፣ ከላይ የተጠቀሰው የኢንተርኔት መታሰቢያ እንዲህ ያሉ ምስሎችን ከሕዝብ ስለሚቀበል በወታደሩ ገጽ ላይ እንዲታከሉ መላክ ይችላሉ።