ጋራዥ ለምትገቢ እህቴ፦ ቁልፉን ከእጅሽ አትስጪ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ልጅ መኪና ሥር ገብታ ስትታገል አየሁ። ብሎኑ ዝጓል፣ ንቅንቅ አልል ብሏል። አጠገቧ የሚሠራው ልጅ ጎንበስ ብሎ «ነይ ውጪ፣ እኔ ልፍታልሽ» አላት። ወጣች። የብሎን መፍቻ ቁልፉንም ሰጠችው። ባለመኪናው ሲመጣ «እሷ አቅቷት ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ አስረከበው። ልጅቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ዝም አለች።

በ14 ዓመት የጋራዥ ሥራዬ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስለዚህ ጋራዥ የምንገባ ሴቶች የምንሳሳታቸውን ነገሮች ልጻፍ።

ቁልፉን አሳልፎ መስጠት

ከሁሉም የሚያበግነኝ ይሄ ነው። «ሊረዳኝ ነው» ትያለሽ። አንዳንዱ እውነትም ሊረዳሽ ነው። ግን ሊረዳ የፈለገ ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያሳይሻል እንጂ ከእጅሽ ላይ አይወስድም። ቁልፉን ከሰጠሽው ሥራው የሱ ሆነ፣ ስሙም የሱ ሆነ። በማግስቱ ፎርማኑ ከባድ ሥራ ሲያከፋፍል አንቺን ይዘልሻል። ወር ሳይሞላ ዘይት መቀየርና ዕቃ ማጠብ ላይ ትቀሪያለሽ። ዓመት ሲሆን «ሴት ሞተር ማውረድ አትችልም» ይባላል፤ ምሳሌዋም አንቺ ትሆኛለሽ።

ጉልበት የለኝም አትበይኝ። የዛገ ብሎን በክንድ ብርታት አይፈታም፣ በእጀታ ርዝመት ነው የሚፈታው። በ30 ሴንቲሜትር ቁልፍ 40 ኪሎ ጉልበት የሚጠይቅሽን ብሎን፣ እጀታው ላይ ቱቦ ሰክተሽ 60 ስታደርሺው 20 ኪሎ ይበቃዋል። መጀመሪያ ዝገት የሚያላቅቀውን ደብሊው ዲ 40 ንፊበት፣ በመዶሻ ቀስ አድርገሽ ምቺው፣ ከዚያ ሌላ ሥራ እየሠራሽ ጠብቂው። ቱቦው ታዲያ ለመፍታት ብቻ ነው። ካጠበቅሽበት ብሎኑን ትበጥሺዋለሽ፤ ያኔ ወሬ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ ሰጠሽ።

እርዳታ ካስፈለገሽ «ያዝልኝ» በይ። «ፍታልኝ» አትበይ።

ሥራን ሳይዘጉ መሄድ

ይህን እኔም ሠርቻለሁ። በሦስተኛው ዓመቴ የአንድ ቪትዝ ዘይት ቀይሬ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ደንበኛው መኪናውን ወስዷል። ማታ ደወለ። የዘይት መብራት በርቶበት መንገድ ዳር ቆሟል። ሲታይ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላልቷል። በ14 ቁልፍ አጥብቄ እንደዘጋሁት እርግጠኛ ነበርኩ፣ ግን በምን ላስረዳ? ማን እንደነካው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥፋቱ በኔ ተጻፈ፣ የዘይቱም ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ማርከር ከቱታዬ ኪስ አይጠፋም። ብሎኑን በልኩ ካጠበቅሁ በኋላ ከጭንቅላቱ ተነስቼ እስከተቀመጠበት ብረት ድረስ አንድ ቀጭን መስመር አሰምራለሁ። ብሎኑን ሰው ከነካው የላይኛው ጭረት ይዞራል፣ ከታችኛው ጋር አይገጥምም። በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ሰዓቱ አብሮ ይቀመጣል። የጎማ ብሎን ከሆነ የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው ቶርክ ቁልፍ አጠብቅና ልኩን የሥራ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፤ ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ «የሷ ሥራ ነው» ተብሎ ስሜ ተነስቷል። ሁለቴም ፎቶውን ለፎርማኑ አሳየሁት። ክርክር አላስፈለገም።

ጽሕፈትሽ ያምራል ሲሉ እሺ ማለት

«አንቺ መዝገቡን ያዢልን» ካሉሽ እምቢ በይ። መዝገብ ይዛ ወደ ሞተር የተመለሰች መካኒክ አላየሁም።

ያላወቁትን መደበቅ

አንድ ቀን የቆየ አይሱዙ ኤን ፒ አር የግራ ጎማ እንድፈታ ተሰጠኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ብጠይቅ ይስቁብኛል ብዬ አልጠየቅሁም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሦስት ጊዜ አለፈ፣ አየኝ፣ ምንም አላለም። ለካ በቆዩት ኤን ፒ አሮች የግራ ጎማ ብሎኖች ጥርሳቸው ግልባጭ ነው፤ የሚፈቱት ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት እያጠበቅሁ ነበር። እሱ መጥፎ ልጅ ነው፣ ግን መሣሪያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን የማላውቀውን ጠዋት ሥራ ሲከፋፈል፣ ሁሉም እየሰማ እጠይቃለሁ። በሁሉም ፊት ሆን ብሎ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ የለም።

ሐሜትን ማሳደድ

«ከአለቃው ጋር ነገር አላት» ይባላል። በኔም ተብሏል። ለእያንዳንዱ ሰው እየዞርሽ አትማይ። ያወራውን ሰው አንድ ጊዜ፣ ሰው ባለበት፣ ድምፅሽን ሳታነሺ በስሙ ጠርተሽ «ምን አይተህ ነው?» በዪው። ከዚያ ወደ ሥራሽ ተመለሺ።

ትንኮሳን እንደ ፉክክር መቁጠር

ሥራሽን መቀማትና ሰውነትሽን መንካት አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን «የጋራዥ ጨዋታ ነው» ብለሽ አትቻዪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ለአሠሪሽ አሳውቀሽ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ለቀሽ ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ። መብቱ ግን የጊዜ ገደብ አለው፣ አትዘግዪ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነበሩትን ሰዎች ዕለቱን ጻፊ፤ አቤቱታሽንም በጽሑፍ አስገብተሽ ኮፒው ላይ አስፈርሚ።

ወንዱን ሁሉ ጠላት ማድረግ

እኔ ይህን ሥራ የያዝኩት በአንድ ሽማግሌ መካኒክ እጅ ነው። ጋሼ የምለው እሱን ብቻ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ረጅም ካቻቢቴ አስይዞ ጫፉን ዳይናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደግፎ «ኩሽኔታው ምን ይልሻል?» ይለኝ ነበር። ኩሽኔታ፣ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው፣ ሲያረጅ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ያሰማል። መልሱን ቀድሞ ነግሮኝ አያውቅም፣ እስክሰማ ይጠብቀኛል።

ሰኞ ያቺን አዲስ ልጅ ጠራኋት። ጸጉሯን አስጠቀለልኳት፣ ከቺንጋው እንድትርቅ አደረግሁና ካቻቢቴውን አስያዝኳት። ያ ቁልፏን የወሰደባት ልጅ መጥቶ «ኩሽኔታው ሄዷል» ሊል አፉን ሲከፍት በእጄ ዝም አሰኘሁት። ትንሽ ቆየች።

«የሚፈጭ ነገር አለ» አለች።

ዳይናሞውን ራሷ አወረደችው።