ሕመሙ ቀድሞ ላለባቸው ወላጆች የጤና መድን፦ ከኢንሹራንስ በፊት ወረዳ

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ለምዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ከ2014 ጀምሮ ኢንሹራንሶች «ስኳር አለብህ፣ አንሸፍንህም» እንዳይሉ ከልክሏል። አዲስ አበባ ላሉት እናትና አባታችሁ ግን እንዲህ ያለ ነገር አትጠብቁ። የግል ኢንሹራንስ ገዝቶ የቆየ ሕመም ማሳከም እዚህ ከባድ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስጠይቀው ሰንጋ ተራ ካሉት የኢንሹራንስ ፎቆች ነው። እኔ ግን ከወረዳው ጀምሩ እላለሁ።

ወረዳው ጋ ያለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ አዲስ አበባም ደረሰ። የሚመዘገበው ቤተሰብ እንጂ ግለሰብ አይደለም፤ መዋጮው የዓመት ነው። «ምን ያምዎታል?» ብሎ ከምዝገባ የሚከለክል የለም፤ ሕመም ስላለም መዋጮው አይጨምርም። ሕክምናው በመንግሥት ተቋም ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ሲጻፍ ሆስፒታል። እናታችሁ «ጤና ጣቢያ ምን ያውቃል» ብለው በቀጥታ ዘውዲቱ ወይም የካቲት 12 ቢሄዱ ወጪው ከኪስ ሊሆን ይችላል። ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ መድን በዋናነት የታሰበው ደመወዝተኛ ላልሆነው ነው። ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ ሌላ አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። አባታችሁ ጡረተኛ ከሆኑ ወረዳው ይመዘግባቸው እንደሆነ ቀድማችሁ አስጠይቁ።

የመሀል ከተማ ሰው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ገላን ጉራንና ሌሎች ዳር ሰፈሮችን ገብቷል። የቀድሞው ወረዳ መሸኛ ሳይጽፍ፣ አዲሱ ወረዳም መታወቂያ ሳይሰጥ የጤና መድኑ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። በስልክ ስትጠይቋቸው «ታድሷል ልጄ፣ አታስብ» ነው የሚሏችሁ። ወላጅ ልጁን ማስቸገር አይወድም። ስለዚህ የአባልነት መታወቂያውን በቴሌግራም ፎቶ አስልኩ። ስማቸውን ብቻ አትዩ፤ የታደሰበት ዓመትና ማኅተሙ ይታይ።

መድኑ ቢኖርም «መድኃኒቱ አልቋል» የሚባልበት ቀን ይመጣል። ሜትፎርሚኑ (የስኳር ክኒኑ) ይገኝና ኢንሱሊኑ ይጠፋል፣ ወይም ተቃራኒው። ያኔ መጀመሪያ ከነማ መድኃኒት ቤት ያስጠይቁ፤ ከግሉ ዋጋው ይሻላል። ከውጭ በሻንጣ መላኩን ግን ብዙም አልደግፈውም። እሽጉም ስሙም ይለያያልና እናት አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ሊወስዱ ይችላሉ። ከላካችሁም የማሸጊያውን ትልቁን ስም ሳይሆን በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና መጠሪያ ለሐኪማቸው አሳዩ።

አሁን ወደ ግሉ ኢንሹራንስ። የሚሸጠው ባብዛኛው ለድርጅት ሠራተኞች በቡድን ነው። እህት ወይም ወንድም ሽፋን ባለው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ካለ ወላጅ ማስገባት ይቻል እንደሆን ይጠይቅ፤ ብዙውን ጊዜ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ብቻ ነው። በግል የሚሸጥላችሁ ከተገኘ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ፦ የዕድሜ ጣሪያው ስንት ነው? ቀድሞ የነበረ ሕመም ጨርሶ አይሸፈንም ወይስ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ? የኩላሊት እጥበትስ?

ፎርሙ ላይ «ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ አለብዎት?» የሚል መስመር አለ። አብሮ የሚሄደው ዘመድ ጎሸም አድርጎ «የለም በሉ» ይላል። እንዳትሰሙት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍሉ ዛሬም ይሠራል። እያወቁ የደበቁት ነገር ውሉን ከንቱ ያደርገዋል፣ የከፈላችሁትም አረቦን አይመለስም። ይህ የሚታወቀው ደግሞ የሕክምና ደረሰኝ ይዛችሁ የሄዳችሁ ዕለት ነው። ያኔ የድሮው የላብራቶሪ ወረቀት ከየትም ይወጣል።

እናታችሁን ለጥየቃ ወደ አሜሪካ ስታስመጡም ያው ነው። የጎብኚ ኢንሹራንስ የቆየ ሕመምን ባብዛኛው ይተዋል፣ ድንገት የተባባሰውን ብቻ በገደብ የሚከፍል አለ። ግሪን ካርድ አግኝተው ቢመጡ እንኳ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሜዲኬርን (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ከፍሎ ለመግባት 5 ዓመት በተከታታይ መኖር አለበት።

ሌላው የራሳችሁ ገንዘብ ነው። ለአረቦን ልታወጡት የነበረውን በየወሩ ለብቻ አስቀምጡ። የግል ሆስፒታል አልጋ ከመስጠቱ በፊት ማስያዣ ይጠይቃል፣ ያውም ሌሊት። ለአንድ ዘመድ የተላከ ብር ደግሞ የሰርግም የለቅሶም ወጪ ይሆናል፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሁሉም ሰው ስለሚለምነው ነው። ቢቻል በሆስፒታሉ ወይም በመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ በቀጥታ አስገቡ፣ ደረሰኙንም በፎቶ ተቀበሉ።

ወረዳ የሚመላለስ ሰው ካስፈለገ ውክልናውን የሚሰጡት ወላጆቻችሁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም፤ አባሎቹ እነሱ ናቸው። እናታችሁ ከቤት መውጣት ካቃታቸው ውልና ማስረጃ ለታመመ ሰው ቤት ድረስ እንዲመጣ ይጠየቃል። ይህን ግን አእምሯቸው ንቁ ሳለ አስጨርሱት።