ቴራን ሌቭል ከማሳደጋችሁ በፊት

ፋይናል ፋንታሲ 6ን ዘንድሮ የጀመራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጌሙ የ1994 ነው፤ ግን ይህን ነገር ፊት ለፊት አይነግራችሁም።

የጌሙ ገጸ ባሕርይ ቴራ ሌቭል ስትጨምር የሚያድገው ኤችፒዋና (የሕይወት ነጥቧ) ኤምፒዋ (አስማት የምትጠቀምበት ነጥብ) ብቻ ነው። የአስማት ኃይሏ ባለበት ይቆማል። የሚጨምረው ሌቭል በምታልፍበት ቅጽበት ትክክለኛውን ኤስፐር (ኃይሉን የሚያውስ አስማታዊ ፍጡር) ከታጠቀች ነው። ስለዚህ ኤስፐር ከማግኘታችሁ በፊት ጫካ ለጫካ እየዞራችሁ ጭራቅ አትፍጁ፤ ያ ሁሉ ሌቭል ለአስማት ኃይሏ ከንቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የተጫወትኩ ጊዜ ይህን ሳላውቅ ስንት ማታ አቃጥያለሁ!

ቴራ ከዞዞ ከተማ በኋላ ቡድኑን ዳግም ስትቀላቀል ማዱዊን የተባለውን ኤስፐር ስጧት። በየሌቭሉ አስማቷን በ1 ይጨምራል። (አባቷም እሱ ነው፤ ደስ አይልም?) በኋላ ጂዶር ከተማ ጨረታ ላይ ዞና ሲከር የተባለውን ኤስፐር በ10,000 ጊል (የጌሙ ገንዘብ) ግዙ፤ እሱ በ2 ይጨምራል። አጫራቹ የሚያቀርበው ዕቃ ስለሚለዋወጥ፣ ካልወጣ ወጥታችሁ ተመለሱ።

ሁልጊዜ ማስታጠቅ ግን ግዴታ አይደለም። ሜኑ ውስጥ ለቀጣዩ ሌቭል የቀራትን ነጥብ እዩ። ብዙ ከቀራት አስማት የሚያስተምራትን ሌላ ኤስፐር አድርጉላት፤ ልታልፍ ስትል ቀይሩት። ከዚያ ትራንስ በሚባለው ችሎታዋ ወደ ኤስፐር መልክ ስትለወጥ በጠላት ላይ የምታደርሰው ጉዳት እጥፍ ስለሚሆን፣ ልዩነቱን ያኔ ታዩታላችሁ።