የሲቪል ዩኒየን ፈቃድ ያዘገየብን የአንድ ቀን ልዩነት

ኒውዚላንድ ውስጥ የሲቪል ዩኒየን (ከጋብቻ ጋር የሚመሳሰል በሕግ የሚመዘገብ ጥምረት) ፈቃድ ስንጠይቅ ማመልከቻችን ሁለቴ ተመለሰ። ምክንያቱ አንድ ነው። ቅጹ ላይ የሞላሁት የቀድሞ ፍቺዬ ቀን ከተተረጎመው የፍርድ ቤት ውሳኔ ጋር አይገጥምም።

መጀመሪያ ቅጹን እንደ አዲስ ሞላሁ። ያው ሆነ። ቀጥሎ ትርጉሙን ጥርት አድርጌ ስካን አድርጌ ላክሁ። እሱም አልሠራም።

በመጨረሻ ዋናውን ከትርጉሙ ጎን ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ዋናው «ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.» ይላል። ትርጉሙ ዲሴምበር 21፣ 2015 ይላል። እኔ የሞላሁት 22 ነው፤ ትክክሉም እሱ ነው። በ2007 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች የ2008 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። በደፈናው የቆጠረ ሰው እዚህ ጋ ይስታል።

ተርጓሚው አርሞ፣ እንደገና ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። ከዋናው ቅጂ ጋር አያይዤ ላክሁት፤ ፈቃዱ ወጣ። የሚያገለግለው ለ3 ወር ብቻ ነውና እንግዳ ከመጥራታችሁ በፊት ቀኖቹን አስተያዩ።