ለዲጂታል ስብስብ ገንዘብ ስትፈልጉ፦ ወሎ ላለን የቤተ መጻሕፍት ሰዎች

ወሎ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ ከሆነ ይቺን ጥያቄ ሳትሰሟት አትቀሩም። «እነዚህን የቆዩ ጽሑፎች ለምን ዲጂታል አታደርጓቸውም?» መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በጀት የለም። እውነት ነው፣ ጠባብ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚያመልጠን አጠያየቃችን ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ አንዴ ወጥቶ የሚያልቅ ነው፤ ካሜራ፣ መብራት፣ ሥልጠና፣ የመስክ አበል። ሌላው በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ የሃርድ ዲስክ መተኪያ፣ የዩፒኤስ ባትሪ፣ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ባለሙያ ደመወዝ። የመጀመሪያውን የሚከፍል ለጋሽ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ካልወጣ ከየትም አይወጣም። ይሄ ሳይለይ የተጀመረ ሥራ አይቻለሁ፤ ዕቃው መጣ፣ ለጥቂት ዓመት ጥሩ ተሠራ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰርቨሩን የሚያይ ሰው አልነበረም፣ ዲስኩ ሲበላሽ ሥራው አብሮ ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል፣ ምክንያቱም ባለቤቶቹ ከማንም የደበቁትን መጽሐፍ ለእኛ አምነው ነበር ያወጡት።

ስለዚህ የውጭ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ዕቅድና በጀት ክፍል ሂዱ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዕቅዱ ግን የሚሠራው ከዚያ ከወራት በፊት ነው። ግንቦት ላይ ብትሄዱ አርፍዳችኋል። የምትጠይቁትም ትንሽ ይሁን፦ አንድ የሥራ መደብ፣ ለማከማቻ የሚሆን መስመር፣ በቃ። ዩኒቨርሲቲው ይህን እንደሚሸፍን የሚገልጽ በፕሬዚዳንቱ ወይም በሚመለከተው ምክትል ፕሬዚዳንት የተፈረመ ደብዳቤ ያዙ። የውጭ ገምጋሚ ከምንም በላይ የሚፈልገው ሥራው ከገንዘቡ በኋላ መኖሩን ነው፣ ያ ደብዳቤ ደግሞ ማስረጃችሁ ነው።

ቀጥሎ ምን እንደምትሠሩ ምረጡ። «የወሎን ቅርስ ዲጂታል ማድረግ» የሚል ርዕስ ማንም ገንዘብ አይሰጠውም። አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ የተቆጠረ ብዛት ይሁን። የመመረቂያ ጽሑፎችን ከዚህ አውጧቸው፤ እነሱ ሲጻፉም በኮምፒውተር ነው፣ የድኅረ ምረቃ ክፍሉ ፋይሉን እንዲያስረክብ ማድረግና ዲስፔስን የመሰለ ሰነድ ማስቀመጫና ማሳያ ነፃ ሶፍትዌር መጫን ይበቃቸዋል። ለጋሽ የሚፈልገው ለአደጋ የተጋለጠውን ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዐጀሚው ነው። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ መንዙማው፣ የሼኾቹ ትምህርት፣ አብዛኛው በየቤቱና በየመስጊዱ ያለ፣ በወረቀት ላይ የተጻፈ። ብራና ምዕተ ዓመታትን ይችላል፤ ወረቀት ግን እርጥበትና ምስጥ ይጨርሰዋል። የገዳማቱ ሁኔታ ይለያል። የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ፎቶ ተነሥተዋል። የዚያ ሥራ ቅጂ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ካታሎጉም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከማመልከታችሁ በፊት እሱን ፈትሹ። ቀድሞ የተነሣን ነገር «ያልተነካ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ገምጋሚው ወዲያው ያውቅባችኋል። እንደገና ማንሣት ካስፈለገ ለምን እንዳስፈለገ፣ ለምሳሌ ቀለሙ በጥቁርና ነጭ ፊልም እንደማይታይ፣ ግልጽ አድርጉ።

ባለቤቱን ሳታናግሩ በጀት አትሥሩ። መጽሐፉ የገዳሙ ነው፣ የመስጊዱ ነው፣ የሼኹ ቤተሰብ ነው። ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ ቡናው እስከ በረካ ይጠጣ፣ ዱዓ ከተደረገም አብራችሁ አሚን በሉ፣ ከዚያ ጉዳያችሁን አስረዱ። መጽሐፉ ከቦታው እንደማይወጣ ንገሯቸው። ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ሊከፈት እንደሚችልም አትደብቁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ለጋሾች ያንን ይጠይቃሉ። «ይሄኛው አይታይ» ካሉ አይታይም። ፈቃዱን በጽሑፍ፣ በሚያነቡት ቋንቋ ይዛችሁ ውጡ። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገውን ነዳጅና አበል ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት በጀት መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙም ስላልሆነ ይገኛል። በዚያው ጉዞ ሃያ ሠላሳ ገጽ ለሙከራ አንሡ። ያ ናሙና ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

አሁን ወደ ለጋሾቹ። ለቆዩ ጽሑፎች በብሪቲሽ ላይብረሪ ሥር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው፣ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም አለ፤ ዋናው ጽሑፍ ከአገር አይወጣም፣ ቅጂው እናንተም ጋ ይቀራል። ለ20ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ላለው፣ ለፎቶ፣ ለካሴት፣ ለአስተዳደር ፋይል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው፣ የአሜሪካው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተመሳሳይ ፕሮግራም ይሻላል። የሁለቱም ገንዘብ ምንጭ አርካዲያ የሚባል ፈንድ ነው። ሂል ደግሞ አሠራሩ ይለያል፤ አጋር ሆኖ ዕቃና ሥልጠና ያቀርባል፣ ለሚያነሡት ሰዎችም ይከፍላል። የሁሉንም መመሪያ ስታነቡ «ይህን አንከፍልም» ከሚለው ክፍል ጀምሩ፤ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚያ ነው።

የአደጋውን ክፍል ስትጽፉ አታጋንኑ፣ ማጋነንም አያስፈልገንም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያና ደሴ ሲደርስ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል። አንድ ቅጂ አንድ ሕንፃ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ለማንም ማስረዳት እንችላለን። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከወሎ ውጭ፣ ብላችሁ በጀት ያዙ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ የተነሣ አንድ ምስል ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሳይጨመቅ ሲቀመጥ ወደ 72 ሜጋባይት ይሆናል። 10,000 ምስል 720 ጊጋባይት፣ በሦስት ቅጂ ከ2 ቴራባይት በላይ። ገምጋሚ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ሥራውን እንደምታውቁት ይገባዋል። ጠፍጣፋ ስካነር ግን አትጠይቁ፤ ጥራዙን ገልብጦ መጫን ስፌቱን ይጎዳል። ከላይ የሚያነሣ ካሜራና መጽሐፉ በከፊል ተከፍቶ የሚያርፍበት ማስቀመጫ ይሻላል፣ ማስቀመጫውን ጎበዝ አናጺ ይሠራዋል። ጄኔሬተሩንም አትርሱ።

የብር ጉዳይም አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 አለፈ። በብር የተያዘ የካሜራ በጀት ያኔ የሚገዛው ግማሹን ያህል ብቻ ነበር። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ በውጭ ገንዘብ አስሉ፣ ደመወዝና አበሉን በብር፣ የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪና ቀኑን ጻፉ። የዕቃ ግዥውን ቶሎ ጀምሩ፤ ፕሮፎርማው፣ ጨረታው፣ ቀረጡ ወራት ይበላል። ከመንግሥት በጀት የተያዘውንም ሰኔ 30 ሳይደርስ ተጠቀሙበት።

የመጀመሪያው ማመልከቻ ባይሳካ አብሽሩ፣ የተለመደ ነው። የገምጋሚዎቹን አስተያየት ጠይቁ፣ በእሱ መሠረት አርሙና በሚቀጥለው ዙር አስገቡ። ፈቃድ የሰጧችሁ ሼኽም ሆኑ የገዳሙ አበምኔት ወሬውን ከእናንተ ይስሙ። ስልክ ሳይሆን ሄዳችሁ ንገሯቸው።